ቆልፈሽብኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር

እናቴ ይህን ያለችኝ በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። አልተቆጣችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ከበርጩማዋ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «ዛሬ ደግሞ ብርዱ ጠንክሯል» ስትል በምትናገርበት ድምፅ ተናገረችው። «ቆልፈሽብኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።»

ነገሩ ካለፈ ወራት ተቆጠሩ። በሩ ተጠግኗል፣ ቁልፉም ተቀይሯል። ይህቺ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ሱቅ ቁጭ ብዬ ደብተር ስቆጥር ትመጣብኛለች። ማታ በር ስዘጋ ትመጣብኛለች። እስቲ ከነዝርዝሯ ልጻፋትና ፊት ለፊት ልያት ብዬ ነው።

ደሴን በነሐሴ የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ለመሳል አይቸገርም። ጦሳ ከነጭራሹ አይታይም። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። እኛ የምንኖረው ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሱቄ ደግሞ ፒያሳ ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ። ነሐሴ ለእኛ ትልቁ ወር ነው፤ መስከረም ሳይጠባ ደብተሩም እስክሪብቶውም መደርደር አለበት።

ቀኑ ነሐሴ 9 ነበር፣ ፍልሰታ። ዕቃ የጫነ መኪና ሌሊቱን ገብቶ ስለነበር 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። እቴቴ ተኝታ ነበር። (እናቴን እኛም፣ የልጅ ልጆቿም፣ ሰፈሩም እቴቴ ነው የምንላት።) በሩን ከውጭ ቆለፍኩት። እሷ የራሷ ቁልፍ አላት፤ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ነው የምትውለው። ስትነሣ ከፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የምናደርገው።

ማታውን ግን ተነጋግረን ነበር። ተነጋገርን ከምል ተናገርኳት ብል ይሻላል። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አዳልጧት ጉልበቷን ታማ ነበር። «ነገ ዝናብ ከሆነ አትሄጂም» አልኳት። «እስቲ መጀመሪያ ይንጋ» አለች። «አትሄጂም አልኩሽ እኮ!» ብዬ ደገምኩት። ዝም አለች። የእቴቴ ዝምታ እሺታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ማታ ግን ደክሞኝ ነበርና እሺ እንዳለች ቆጠርኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ረስቼው የወጣሁትን ደረሰኝ ልወስድ ተመለስኩ። በሩ ዝግ ነው። ቅዳሴ ላይ ናት ብዬ ቁልፌን አስገባሁ። ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ከውስጥ የያዘው ነገር አለ። ያኔ ከበሩ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ።

«መጣሽ?» አለች።

ቁልፉ እንቢ አለኝ

«እቴቴ! ምን ሆነሽ ነው ያልወጣሽው?»

«ቁልፉ እንቢ አለኝ።»

በቋንቋችን ቁልፍ የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። እጃችን ላይ ያለውም ቁልፍ ነው፣ በሩ ላይ የተተከለውም ቁልፍ ነው፣ የሸሚዙም ቁልፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያደናግረንም፣ ከነገሩ ይገባናል። ያን ቀን ግን የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔም ለራሴ «ቁልፉ ተበላሸ» አልኩ። እንዲያ ካልኩ በኋላ ዓይኔ ከቀዳዳው ሌላ ነገር አላየም። በሩን ራሱን አላየሁትም። መቃኑን አላየሁትም።

«ቁልፍሽን ከቀዳዳው አውጪው» አልኳት። የእኛ ዓይነቱ፣ በሁለቱም በኩል በቁልፍ የሚከፈተው፣ በአንዱ ወገን ቁልፍ ተሰክቶበት ከቀረ በሌላው ወገን እስከ መጨረሻው አያስገባም። አወጣችው። የእኔ ገባ። ወደ ግራ አዞርኩት። የጥፍር ያህል ሄደና ቆመ። መልሼ ሞከርኩ። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

በመስኮቱ ልያት ብዬ ዞርኩ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ያሠራሁት እኔ ነኝ። በመስታወቱ በኩል መጀመሪያ ያየሁት እሷን አልነበረም። ማንደጃውን ነው። ከሰሉ ፍም ሆኗል። ለብርዱ ብላ አቀጣጥላዋለች። መስኮቱ ዝግ፣ በሩ ዝግ፣ ክፍሏ ደግሞ አንድ አልጋና አንድ ቁምሳጥን የሞላት ጠባብ ክፍል ናት።

«ራስሽን አላመመሽም?»

«ትንሽ ከብዶኛል። ጾሙ ነው።»

ጾሙ አልነበረም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ይከብዳል፣ ከዚያ ሰውነት ይዝላል። ሰውየው ደከመኝ ብሎ ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከአንድ ቤት እንዲህ ያለ መርዶ እንሰማለን። ይህን እያወቅኩ ነው እዚያ የቆምኩት። «መስኮቱን ክፈቺው! ከሰሉ ላይም ውሃ አፍስሽበት!» ብዬ ጮህኩ። ከፈተችው። እንፋሎቱ ከማንደጃው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። በፍርግርጉ መሐል እጇን ሰጠችኝ። እጇ ይሞቅ ነበር፤ የእኔ ነበር በረዶ የሆነው።

አየር ገባ። የእኔ ልብ ግን አልተመለሰም። ማድ ቤታችን ውጭ ነው፣ ሮጬ ገባሁና የምግብ ዘይት ይዤ መጣሁ። ቀዳዳው ውስጥ አንጠባጠብኩ። ዘይት የጀመርኩት ያን ቀን አይደለም። ከሰኔ ወዲህ ቁልፉ በጠነከረብኝ ቁጥር ጠብ አደርግበት ነበር። ለቀን ለሁለት ቀን ለስለስ ይላል፣ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። አሁንም አልሠራም። ፒንሳ አመጣሁ። የቁልፉን ራስ በፒንሳ ነክሼ ባለኝ ኃይል ጠመዘዝኩት። ብረቱ እየተጣመመ መሆኑ በእጄ ተሰማኝ። እየተሰማኝም አላቆምኩም።

«ተይ ልጄ! ተይ!»

ሐጅዬ ናቸው፣ የግራ ጎረቤታችን። ጃንጥላቸውን እንኳ አልዘረጉም። በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ፤ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ግን ገና አናጢ ነው። ፒንሳውን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። «ከተሰበረ ግማሹ ውስጥ ነው የሚቀረው። ያኔ ማን ያወጣዋል?» አሉኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለካ እንዲህ እጅ ውስጥ ነው የሚጀምረው።

«ፓሊፌሮ ይፈለግ ሐጅዬ፣ ይሰበር!»

ይህን ስል ከመስኮቱ የእቴቴ ድምፅ መጣ። እስከዚያ ሰዓት ከፍ ብሎ ያልተሰማው ድምፅ። «አይሰበርም! ይህ በር ሁለተኛ አይሰበርም!»

አካፋው

ሐጅዬ በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ቁልፉን አልነኩትም። እጃቸውን በበሩና በመቃኑ መሐል ባለው ክፍተት ላይ አሳለፉ፣ ከላይ ጀምረው ወደ ታች። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ምንም አይዞርም? ወይስ ትንሽ ዞሮ ነው የሚቆመው?»

«ትንሽ ይዞራል። ከዚያ ይቆማል።»

«እንግዲያ ቁልፉ ደህና ነው።»

ይህን ሲሉኝ አልገባኝም። ያስረዱኝ በኋላ ነው፣ ግን እዚሁ ልንገራችሁ፤ ለማንም ይጠቅማል። ቁልፍ ገብቶ ከነጭራሹ ንቅንቅ ካላለ ችግሩ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ክፍል፣ ውስጥ ወይም ቁልፉ ራሱ ላይ ነው። ትንሽ ዞሮ ከቆመ ግን ሲሊንደሩ የራሱን ሥራ ጨርሷል። የተያዘው ምላሱ ነው፤ ከበሩ ወጥቶ መቃኑ ውስጥ የሚገባው ብረት። ምላሱ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ የበሩን ክብደት ተሸክሟል። እኔ ስጠመዝዝ የነበረው የበሩን ሸክም ነው፣ በአንዲት ቀጭን የነሐስ ቁልፍ።

«ጧት ስትወጪ ቆልፈሽው የለ? እንዴት አድርገሽ ቆለፍሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ።»

«አሳዪኝ።»

ቀኝ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ያኔ ግራ እጄ ሳላዘው ተነሣና እጀታውን ያዘ። ይዞም ወደ ላይ ሳበ። ሐጅዬ ዝም ብለው ግራ እጄን አዩት። እኔም አየሁት።

ለስንት ጊዜ እንዲህ ሳደርግ እንደኖርኩ አላውቅም። ምናልባት ከሰኔ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። በሩ ዘሞ ነበር። እጄ ገብቶታል፣ መላውንም አግኝቶለታል፤ እጀታውን ከፍ፣ ቁልፉን ዞር። በየቀኑ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ጭንቅላቴ ግን አንድም ቀን «ይህን በር ለምንድነው የማነሣው?» ብሎ አልጠየቀም። ስጨነቅ ደግሞ ሁለቱንም እጄን ቁልፉ ላይ አዋልኳቸውና ያቺ የማውቃት መላ እንኳ ጠፋችብኝ። እቴቴስ? እቴቴ በዚያ ትከሻዋ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ይህን የጽድ በር በአንድ እጅ አንሥታ በሌላው ቁልፍ ልታዞር ኖሯል? እኔ የለመድኩት ችግር ለእሷ ግድግዳ ነበር። ይህ ሐሳብ ያን ጊዜ አልመጣልኝም። አሁን ስጽፍ ነው የመጣው።

እጀታውን ሳብኩ። አልበቃም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ እንጨቱ ውሃ ጠጥቷል። ሐጅዬ አካፋ አስመጡ። አካፋውን በበሩ ሥር፣ በቁልፉ ወገን፣ ሰደዱት። ከእጀታው ሥር አንድ ድንጋይ አደረጉ። «በአላህ ስም» አሉና ረገጡት። በሩ ተነሣ፤ ቢበዛ የሁለት ክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል። «አሁን፣ ቀስ ብለሽ፣ በሁለት ጣት» አሉኝ።

በሁለት ጣት አዞርኩት። ቀጭ አለ። ደግሜ አዞርኩት። ቀጭ። ያ የተጣመመው ቁልፍ፣ ፒንሳ ያቃተው፣ በሁለት ጣት ዞረ።

እቴቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለብሳለች፣ ጫማዋን አድርጋለች፣ ጃንጥላዋ ጉልበቷ ላይ ነው። ከጧት ጀምሮ ለቅዳሴ እንደተዘጋጀች ነው የተቀመጠችው። ተነሣችና ያን ነገር ተናገረች።

«ለምን እቆልፍብሻለሁ?» አልኳት።

«አትሄጂም ብለሽኝ አልነበር? ቁልፌ አልዞር ሲል፣ ለውጠሽዋል ብዬ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም? ሐጅዬ እዚህ፣ ሌሎቹ ጎረቤቶች እዚያ ማዶ…»

«ልጄ ቆለፈችብኝ ብዬ ልጩህ?»

ሐጅዬ አካፋውን አንሥተው ወደ ደጅ ወጡ። ጭቃውን ከአካፋው ላይ በድንጋይ ይጠርጉ ጀመር። ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

መቀነቷ ውስጥ የነበረው

እቴቴ እንዲህ ማሰቧ መጀመሪያ አናደደኝ። እኔን? ምን አድርጌያት? ማታ ላይ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩት፣ እያሰብኩትም በሄድኩ ቁጥር እውነቷን ሆነብኝ። ብታስበው አይፈረድባትም። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ 2014 መመለስ አለብኝ።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሲመጣ ከደሴ መውጣታችንን እዚህ ላይ አልዘረዝረውም፤ የወጣም ያልወጣም ያውቀዋል። የበሩን ብቻ ልናገር። ያኔ በራችን ላይ የነበረው ጓጉንቸር ነው። እቴቴ ቆለፈችው፣ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አዲስ አበባ እስክንገባ ያ ቁልፍ ከወገቧ አልወረደም። ዘመድ ቤት ወለል ላይ ተኝተን ሌሊት ስነቃ እጇ መቀነቷ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። በሩ በብረት ተፈልቅቋል። መቃኑ ለሁለት ተሰንጥቋል። ጓጉንቸሩ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ ከነማያያዣው ከእንጨቱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጡ ይታያል። እቴቴ ቆመች። መቀነቷን ፈታች፣ ቁልፏን አወጣች፣ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር በእጇ ደግፋ ከፈተችው። ከዚያ ነው የገባችው።

እኔ ያን ቀን ያየሁትን መርሳት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ያን በር እያየሁ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ቤት ውስጥ የሚሰረቅ ነገር ሳይተርፍ ቁልፍ ገዛሁ። ሁለት ጊዜ የሚዞር፣ ከባድ፣ ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ብቻ የሚከፈት። መስኮቱን ፍርግርግ አሠራሁ። ለእቴቴም ሕግ አወጣሁ። ቀንም ይቆለፋል። ሰው ሲያንኳኳ ማነው ይባላል።

ከዚያ በፊት በራችን ቀን ላይ ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ወሎ ውስጥ የበር መከፈት ራሱ ወሬ ነው። የእቴቴ በር ከተከፈተ ቡና አለ ማለት ነው። የሐጅዬ ባለቤት ስኒዋን ይዛ ትመጣለች፣ አቦሉ ተጠጥቶ በረካው ድረስ ይኬዳል፣ አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ አንዷ እመብርሃን ትላለች፣ አሚን የሁሉም ነው። በሩ በቀን ዝግ ከሆነ «ምን ሆነች?» ተብሎ ይመጣል። እኔ በሩን ቀንም አስቆለፍኩት። ሰፈሩ ቀስ በቀስ ለመደው። ቡናው ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ስለዚህ ያን የነሐሴ ቀን በሩ ከጧት እስከ ሰባት ሰዓት ዝግ ሆኖ ሲውል ማንም ምን ሆነች አላለም። የሐጅዬ ባለቤት አልቅሳ ነው የነገረችኝ። «ቅዳሴ የሄደች መስሎን… ደግሞ ሁልጊዜ ዝግ ነው እኮ» አለችኝ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እኔ የፈራሁት በሩን በብረት የፈለቀቀውን ነው። እሱ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም። እናቴ ላይ ግን መቆለፍ እችላለሁ። ቆለፍኩባት። ያን ቀን አይደለም፤ ያን ቀንማ የተጣበቀው ምላሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀኖች ነው።

ኩልና እርሳስ

በማግስቱ ሐጅዬ መሣሪያ ሣጥናቸውን ልጅ አሸክመው መጡ። መጀመሪያ በሩን ከፍተው «አሁን ቁልፉን አዙሪው» አሉኝ። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ምላሱ ባዶ አየር ላይ ሲወጣና ሲገባ፣ ቁልፉ እንደ ቅቤ ነው። ዘጉት፤ ተጣበቀ። «ይኸው ነው» አሉ። ይህን ፈተና ከሰኔ ጀምሮ በማንኛውም ቀን ልሞክረው እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ክፍት ሆኖ ከዞረ ጥፋቱ የበሩ ነው፣ ክፍት ሆኖም ካልዞረ የቁልፉ።

የላይኛውን ማጠፊያ አሳዩኝ። ከሦስቱ ቪቴዎች አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ በጣት ዞረ። በ2014 በሩ ሲፈለቀቅ የላላውን ቀዳዳ ማንም አልደፈነውም፣ ያው አሮጌ ቪቴ ነው የተመለሰበት። የተሰነጠቀው መቃን ደግሞ በችኮላ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው የተተካው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። እኔ ያን ጊዜ ገንዘቤን በሙሉ ቁልፉ ላይ ነው ያዋልኩት። ስለ ማጠፊያ የጠየቀኝም፣ የጠየቅኩትም የለም።

ሐጅዬ የክብሪት እንጨት በኮላ እየነከሩ ቀዳዳዎቹን ሞሏቸው። ሲደርቅ በረጅም ቪቴ ጠበቀ። በሩ ተነሣ፣ ግን ጥቂት ቀረው። «እንጨት በቁመቱ ብዙም አያብጥም፣ በወርዱ ነው የሚያብጠው። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ እንስጠው» አሉ። ምላሱ የቱ ጋ እንደሚነካ ለማወቅ የሚቀባ ነገር ፈለጉ። ከሰል ሞከርን፣ በደንብ አልያዘም።

እቴቴ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ ወደ ጓዳ ገባች። የኩል ብልቃጧን ይዛ ወጣች። ኩሉን በመኳያው አውጥታ የምላሱን ጠርዝ ዙሪያውን ኳለችው፤ በእርጋታ፣ ዓይን እንደሚኳል። በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ተከፈተ። መቃኑ ላይ ባለው ብረት የታችኛው ከንፈር ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ተሠርታለች። ሐጅዬ ሣቁ። «ማሻአላህ እትዬ፣ ስንት ዓመት አናጢ ሆኜ ይህን አላሰብኩትም» አሏት። ሞረድ አነሡ፣ መስመሯ እስክትጠፋ ሞረዱት።

የሲሊንደሩም ነገር ነበር። ፒያሳ ከሱቄ ራቅ ብሎ የሚሠራ ቁልፍ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ በሩ ጠርዝ ላይ፣ ከሲሊንደሩ ትይዩ፣ አንድ ረጅም ብሎን አለ። እሱ ሲፈታ ቁልፉን ትንሽ ዞር አድርጎ መጎተት ነው። ቁልፍ ሠሪው ፈታትቶ ጨርቅ ላይ ዘረጋልኝ። አምስት ጥንድ ትንንሽ ዘንጎች፣ በላያቸው ከፀጉር የማይወፍር ሞላ። የቁልፉ ጥርሶች እያንዳንዱን ዘንግ በየልኩ ያነሡታል። አምስቱም ስንጥቃቸው አንድ መስመር ላይ ሲገጥም ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዷ እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለች አይዞርም። በጥንት ግብፅ በእንጨት ይሠራ የነበረ ጥበብ ነው። ላይነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ በ1861 እ.ኤ.አ. ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባለው ጠፍጣፋ ቁልፍ መልክ አሳጠረው።

የእኔ ዘንጎች ላይ ግን ቡኮ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ዘይቴ ነው፣ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ። «ዘይት አታድርጊ» አለኝ። «የእርሳስ ዱቄት ነው የሚደረግበት። ደረቅ ነው፣ አቧራ አይዝም።» ቀኑን ሙሉ እርሳስ ስሸጥ የምውል ሰው ነኝ። ከሱቄ አንድ ለስላሳ እርሳስ አምጥቼ በምላጭ ፋቅነው። ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ነስንሶ አስገባ አወጣ፣ አስገባ አወጣ። የእቴቴን ቁልፍም አሳየሁት። ከእኔው ቁልፍ የተቀዳ ነው፤ የእኔም ራሱ ከሌላ የተቀዳ ነበር። በተቀዳ ቁጥር ጥርሱ ትንሽ ትንሽ ይስታል አለኝ። ዋናው እያለ ከቅጂ አይቀዳም። ዋናውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ እንዳይጠፋ ብዬ።

ልከፍለው ስል አንድ ነገር አነሣ። «እናትሽ ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ ከውስጥ በእጅ የሚዞረውን አድርጊላቸው። እሳት ቢነሣ፣ ቢያማቸው፣ ጨለማ ውስጥ ቁልፍ አይፈልጉም።» በአንዱ ወገን ቁልፍ፣ በሌላው ወገን የጣት መያዣ ያለው ሲሊንደር ነው። በር ላይ የሚገጠመው ልኩ ያው ነው፤ ሌላ ምንም አይቀየርም። እንዲህ ዓይነት እንዳለ አውቅ ነበር። በ2014 ስገዛ ሁለቱንም አሳይተውኛል። መስታወት ሰብሮ እጁን የሚያስገባ ሰው ያዞረዋል ብዬ ነው የተውኩት። በራችን ግን መስታወት የለውም።

አዲሱን ገጠምነው። እቴቴ የጣት መያዣውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሦስት አራት ጊዜ አዞረችው። ምንም አላለችም። ቁልፏን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፣ አዲሱን ስሰጣት ተቀብላ እንደገና ቋጠረችው።

ያን ቀን ቆልፈሽብኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር ላለችኝ ነገር መልስ አልሰጠኋትም። ይቅርታ ልላት ስነሣ «ምን አደረግሽና?» ትለኛለች፣ ወሬውን ወደ ሽሮው ወደ በርበሬው ትወስደዋለች። ፊቷን ሳይ ማንሣት እንደማትፈልግ ይገባኛል። ስለዚህ በሩን ቀን ላይ መቆለፍ ተውኩ። መጀመሪያ ሳምንት ሱቅ ሆኜ ሆዴ ይረበሽ ነበር፤ ሦስት አራቴ ደውዬ «ደህና ነሽ?» እላለሁ። «ምን ልሆን? ሰው አለ» ትለኛለች። ከስልኩ ውስጥ የስኒ ድምፅ ይሰማኛል።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት፣ ነሐሴ 16፣ ገና ሳይነጋ ነቃሁ። ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ከማዶ ክፍል ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ የጃንጥላ መንቀጭቀጭ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ጉልበቷ ገና አልዳነም። ልነሣ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እጄን ብርድ ልብሱ ላይ እንዳደረግኩ ቆየሁ። መያዣው ዞረ። ቀጭ አለ፣ ደግሞ ቀጭ። በሩ ተከፈተ፣ ብርዱ እኔ ጋ ደረሰ፣ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከውጭ የሐጅዬ ድምፅ ተሰማኝ፤ ከሱብሂ ሲመለሱ ነው። «እትዬ፣ በዚህ ዝናብ? ቆይ፣ እስከ አስፋልቱ ላድርስዎት» ሲሏት ሰማሁ።